ዝናብ በቀረበት ዓመት የበቀለው ሸምበቆ

ትናንት ቦንጋ ገበያ አንዲት ሴት የተሰነጠቀ ሸምበቆ ላይ ውሃ ስትረጭ፣ ሽታው ወደ ልጅነት መንደሬ ሺሺንዳ፣ እናቴ ዘንድ መለሰኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነው። ዝናብ ቀርቶ ከቤታችን በታች ያለው ረግረግ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሸምበቆውም አጭር፣ ቅጠሉም እንደ ሣር የቀጠነ ሆነ። እናቴ ደግሞ ለእህቴ ሠርግ ዳሱ ውስጥ የሚነጠፈውን ምንጣፍ መሥራት ነበረባት።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አይተው፣ "ዘንድሮስ አይሆንልሽም፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተከራዪ" አሏት።

እናቴ አንዱን ሸምበቆ ከነሥሩ ቆፍራ አወጣች። ሥሩ ከክንዷ ይረዝማል።

"አየሽ ልጄ፣" አለችኝ፣ "ቅጠሉን ያሳነሰው ውሃውን ላለማባከን ነው። ሥሩን ደግሞ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ሰደደው። አልተሸነፈም፤ አኗኗሩን ለወጠ እንጂ።"

ያኔ ስለ ሸምበቆው ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ገና ዓመቱ እንደነበር ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አጭሩን ሸምበቆ እያያያዘች ጠባብ ጠባብ ምንጣፎች ሠራች፤ እኔ ዳር ዳሩን አሰርኩ። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ ሲጨፍርበት ዋለ፤ አንዱም አልተበጠሰም። ከሙሽራው ወገን የመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ዳሰሱትና፣ "እንዲህ የጠነከረ አላየሁም። ማን ሠራው?" አሉ።

እናቴ ትከሻዬን ይዛ ከፊቷ አቆመችኝ። "እኔና ልጄ" አለች።

ዛሬም የማን ልጅ ነሽ ስባል፣ ከአባቴ ስም በፊት የእሷን እጠራለሁ።