የእናቴ የጣት አበባ

ልጄ ጸጋ ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከቦርሳዋ ትንሽ የወረቀት ከረጢት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ደረቅ፣ ቡናማ፣ እንደ ሕፃን ጣቶች አንድ ላይ የተሰበሰቡ ትንንሽ ሥሮች ናቸው። «ራነንኩለስ ይባላል እማዬ፤ የሶዶ ብርድ ይስማማዋል አሉኝ» ብላ የአበባውን ፎቶ ልታሳየኝ ስልኳን ከፈተች። እኔ ግን አንዱን ሥር አንስቼ አሸተትኩት። ለወራት ውኃ ያልነካው አፈር ይሸታል። ያ ሽታ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ዳሞታ ተራራ ሥር በነበረው ግቢያችን አቆመኝ።

ከቤታችን ጀርባ እንሰት፣ ከጎኑ ጎደሬ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሣርና በአጥሩ ጥግ የተዘረጋ የጎመን መደብ ነበረን። እናቴ ወደ አገሯ ለምትመለስ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ልብስ ታጥብላት ነበር፤ ሴትየዋ ስትሰናበት እንዲህ ያሉ ዐሥር ሥሮች በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት። ስማቸውን መያዝ ስላልቻልን በቤታችን «የጣት አበባ» ተባሉ። የሚበላ በሚበቅልበት መሬት አበባ መትከል በሰፈራችን አልተለመደም፤ እናቴ ግን ከጎመኑ መደብ አንድ ክንድ ቀንሳ ለአበባው ሰጠች።

እናቴ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ስለዚህ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሴቶች ኅብረት ፊት ተነሥታ፣ ጥር ላይ ታላቅ እህቴ ታደለች ስትዳር የቤተ ክርስቲያኑን መድረክ ሶዶ አይታው በማታውቀው አበባ አስጌጣለሁ ስትል ሁሉም ዞሮ አያት። የማትፈጽመውን የማትናገር ስለሆነች ሁሉም አመኗት። ያላመነችው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ብቻ ነበረች። እትዬ ብርቄ ዝንጅብል ታመርታለች፣ ዝንጅብል ትነግዳለች፣ የዓለምንም ሥር ሁሉ በዝንጅብል ትመዝናለች። ሳህን ላይ በውኃ የተዘፈዘፉትን ሥሮች በአጥሩ በኩል አየቻቸውና፣ «አንቺ፣ ይሄ የደረቀ ዝንጅብል ነው እኮ። ፈረንጅዋ ሻይ አፍልታበት የተረፋትን ነው የሸለመችሽ» አለች። እናቴ ፈገግ ብላ ሳህኑ ላይ ውኃ ጨመረችበት።

የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን ባከበርን በሳምንቱ፣ በዴሳ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ታመመና እናቴ ልትጠይቀው ሄደች። ሚኒባስ ከመሳፈሯ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሥሮቹን ዛሬ ትከያቸው። ጣታቸው ወደ ታች» አለችኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ዕውቀት የሞላኝ ይመስለኝ ነበር። መደቡ አጠገብ ተንበርክኬ አንዱን ሥር መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ትእዛዙ ልክ አልመስል አለኝ። ዝንጅብል እንኳ ሲተከል ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ደግሞ እኛ ስንጸልይ እጃችንን ወደ ሰማይ እናነሣለን እንጂ ወደ መሬት አንዘቀዝቅም፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን አበባ እንዴት ጣቱን ዘቅዝቆ ይተከላል? ዐሥሩንም ጣታቸውን ወደ ላይ አድርጌ፣ በላያቸው ጸልዬ፣ አፈር አለበስኳቸው። እናቴ ስትመለስ «እንዳልሽኝ አደረግኩ» አልኳት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጎመኑ አደገ፣ አረሙ አደገ፣ ከአበባው መደብ ግን ምንም ብቅ አላለም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ውኃ ታጠጣና እዚያው ትጸልያለች። አንድ ቀን ከጸሎቷ ስትነሣ ሌባ ጣቷ እስከ ግማሹ አፈር ሆኖ አየሁት። እትዬ ብርቄ በበኩሏ በአጥሩ በኩል፣ «ዝንጅብሉ ገና ነው?» ትላለች። በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ መጀመሪያ በደስታ ይጠይቁ የነበሩት ቀስ በቀስ በአዘኔታ ይጠይቁ ጀመር፤ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲጋመስ መጠየቁንም ተዉት። የእናቴ ቃል በእኔ እጅ ሲበላሽ አውቅ ነበር። ማታ ራት በቀረበ ቁጥር ልነግራት አስብና ሳህን ላጥብ እነሣለሁ። አልነገርኳትም።

ጥር ገባ፣ ታደለችም ተዳረች። መድረኩ በእንሰት ቅጠልና በወረቀት አበባ አጊጦ ነበር፤ አያስቀይምም። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሴቶቹ እናቴን ከበው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲሏት እትዬ ብርቄን መቼም አላስቻላትም፣ «እንግዲህ የፈረንጅ ዝንጅብል አሳፈረሽ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ዝንጅብሉ ምንም አላጠፋም» አለች እናቴ፣ ረጋ ብላ። «እኔ ነኝ ገልብጬ የተከልኩት።»

ያን ጊዜ ሌባ ጣቷ ላይ ያየሁት አፈር ትዝ አለኝ። ገና በሦስተኛው ሳምንት ቆፍራ አይታ ነበር። ሥር መስደድ የጀመረ ነገር ሲነካ ይሞታል ብላ መልሳ አለበሰችው፤ እኔንም እንደ ሥሩ ሳትነካ ተወችኝ። እጇን ዘርግታ ነጠላዋን የጨበጠውን እጄን ያዘችው፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም። በዚያው ሌሊት እያለቀስኩ ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ አበቃ።

አበቦቹ የካቲት ሊያልቅ ሲል መጡ። ቡቃያው ከአፈር በታች ዞሮ፣ ተጠማዞ፣ መንገዱን ፈልጎ ነው የወጣው። ከዐሥሩ አራቱ አበቡ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሁለቱ ነጭ፤ የአበባ ቅጠላቸው እንደ ስስ ወረቀት እርስ በርሱ የተደራረበ። እናቴ የመጀመሪያዋን ቀይ አበባ ቆርጣ ሰጠችኝና ለእትዬ ብርቄ እንዳደርስ ላከችኝ። እትዬ ብርቄ አበባዋን ተቀብላ አገላበጠቻት፣ አሸተተቻት፣ ከዚያ፣ «ይሄስ ሻይ አይሆንም» ብላ በውኃ በተሞላ ኩባያ መስኮቷ ላይ አኖረቻት። እስክትረግፍ ድረስ ከዚያ አላነሣቻትም።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። እንሰቱ በነበረበት የኪራይ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ዳሞታንም ለማየት መንገድ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ከምኖርበት ፎቅ ጥግ አንድ አልጋ የምታህል መሬት አለችኝ፤ ጸጋ ሥሮቹን የተከለቻቸው እዚያ ነው። ስልኳን ድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ እያየች፣ አንድ በአንድ፣ ጣታቸውን ወደ ታች። አልተሳሳተችም። ቆሜ ሳያት ደስ አለኝ፤ ግን ደግሞ እናቴ ለእኔ ያደረገችውን የማደርግላት አጋጣሚ አጥቼ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ።

ይሁን። ልጅ ነች፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ትገለብጣለች፤ ስልኳም አያድናትም። ያን ቀን ሰዎች ከበው ሲጠይቁኝ የምለውን ከእናቴ ተቀብያለሁ። እኔ ነኝ ገልብጬ የተከልኩት።