ለአባቴ ያሳደግኩት ጺም

አሁንም ትዝ ሲለኝ ጉንጬን ያቃጥለኛል። ጁባ ውስጥ፣ ካቶር ሰፈር ባለች አንዲት ጸጉር ቤት የሐዘን ጺሜን በግድ ላጩኝ። በግድ ስል እጅና እግሬን አስረው አይደለም። የምሠራበት ሆቴል ባለቤት አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ይጠብቅ ነበር። የሥራ ፈቃዴ የወጣው በእሱ ሆቴል በኩል ነው፤ እሱ ካባረረኝ አገሩንም ለቅቄ መውጣቴ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ገመድ አያስፈልግም።

አባቴ የሞተው አዲስ አበባ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ተቀብሮ ካበቃ በኋላ ነበር። ቤተሰቦቼ ብቻዬን ሆኜ በስልክ ሰምቼ እንዳልደነግጥ ብለው ለሆቴሉ ባለቤት ደወሉለት። እሱም የአገር ልጆችን አስከትሎ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ወዳለው የሠራተኞች ክፍል ገና ሳይነጋ መጥቶ አረዳኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ደህና ሰው ነበር። አቅፎኝ አልቅሷል፤ እስከ ሣልስቱም ከአጠገቤ አልራቀም። ጋሼ ስለው ከልቤ ነበር።

ቀብሩ አምልጦኛል። አስከሬኑን አልተሸከምኩም፣ አፈር አላለበስኩም፣ ከእህቶቼ ጋር ፍራሽ ላይ አልተቀመጥኩም። እንዲህ ሩቅ አገር ላለ ወንድ ልጅ የምትቀረው ነገር አንዲት ናት፤ እስከ አርባው ጺሙን አለመንካት። እሷን ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ ፊቴ እየጠቆረ ሲሄድ ሳይ፣ ለአባቴ ቢያንስ አንድ ነገር እያደረግኩለት ነው እል ነበር።

ሥራዬ ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ እንግዳ መቀበል ነው። ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ባለቤቱ ፊቴን አተኩሮ አየና «ይሄ ጺም እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«እስከ አርባው ነው ጋሼ።»

«እሱማ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ከሰዓት የስብሰባ እንግዶች ይገባሉ። ፈረንጅ ሐዘን ነው ብሎ አይረዳህም፤ ከመኝታህ ተነስተህ ሳትታጠብ የመጣህ ነው የሚመስለው።»

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ወንድሙ ሲሞትበት ጺሙን እንደ ባሕታዊ አንዠርግጎ፣ እዚያው ሪሴፕሽን ላይ እየተንጎራደደ እንግዳ ይጨብጥ ነበር። ያኔ የሸሸ ፈረንጅ አላየሁም። የእሱ ወንድም ወንድም ነው፣ የእኔ አባት ግን ለሆቴሉ ገጽታ አይመችም ማለት ነው።

«መላጨቴ ካልቀረ ራሴ ልላጭ። ምላጬ ክፍሌ አለ» አልኩት።

«ጊዜ የለንም። መኪና ውስጥ ግባ።»

ራሴ ልላጭ ያልኩት በምክንያት ነው። የጺሜ ጸጉር ጥቅልል ነው፤ ከሥሩ ሙልጭ ተደርጎ ከተላጨ ተመልሶ ቆዳዬ ውስጥ ይገባና ያብጣል፣ ይመግላል። ጺም ማብቀል በጀመርኩ ሰሞን ያገኘሁትን ምላጭ አንስቼ እፍቅ ስለነበር አንገቴ ቁስል በቁስል ሆኖ ነበር። ከዚያ ያወጣኝ አባቴ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ መስታወቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ፣ የሚታጠፈውን ምላጩን በወፍራም ቀበቶው ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረገ ስሎ ነበር የሚላጨው። አንድ ቀን ጠርቶ አጠገቡ አቆመኝ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቴ ላይ አደረገልኝ፤ እኔ እቸኩላለሁ፣ እሱ ጸጉሩ እስኪለሰልስ ጠብቅ ይለኛል። ከዚያ በብሩሽ የሳሙና አረፋ ቀባኝ። ጸጉሩ ወዴት እንደሚያድግ ጣቴን ይዞ አስዳሰሰኝ፤ ጉንጬ ላይ ወደ ታች፣ አንገቴ ላይ ወደ ጎን። ቆዳውን በአንድ እጅ ወጠር፣ ምላጩን ጋደም አድርጎ፣ ጸጉሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ቀስ እያለ ሳበው።

«የምትላጨው ፊት ነው፤ ድስት እየፈገፈግህ አይደለም» አለኝ። «ሙልጭ ይበል ብለህ አትድገመው። ትንሽ ከቀረ የቀረውን ተወው።»

መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አልኮል የሚባል ነገር የለም። ወደ ጁባ ስመጣ እንደ እሱ ያለ ምላጭ ገዝቶ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተልኝም እሱው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቴን ሌላ ሰው ላጭቶት አያውቅም።

የካቶሩ ጸጉር አስተካካይ የአገራችን ልጅ ነው። ጄኔሬተሩ ቆሞበት ሙቅ ውሃ አልነበረውም። በመርጫ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ፊስ ፊስ አደረገብኝና ምላጩን አነሳ።

«ሳሙና የለህም?»

«ደግሞ ለዚህች ሳሙና?»

«እሺ፣ ወደ ታች ብቻ አድርገው። ወደ ላይ ሲሆን ያብጥብኛል።»

«ወደ ላይ ካልሆነ ሙልጭ አይልማ» አለና የባለቤቱን ፊት አየ።

ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ሙልጭ አድርገው» አለ።

ከአንገቴ ወደ አገጬ ሽቅብ ገፈፈኝ። ደገመው፣ ሠለሰው። ጸጉሩ ሲነቀል ይሰማኝ ነበር እንጂ ሲቆረጥ አይሰማኝም። የአባቴ ሐዘን በደረቁ እየተላገ ጭኔ ላይ ይወድቃል፣ እኔ ወንበሩን ጨብጬ ይዣለሁ። ከዚያ አልኮሉን በመዳፉ አፍስሶ በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ጠፈጠፈው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ባለቤቱ ተነስቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አየህ፣ አሁን ሰው መሰልክ» አለኝ። ሁለቱንም በዚያው ምላጭ ብላጫቸው ደስ ባለኝ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ፊቴ ጉድ ሆነ። አንገቴ ቀልቶ አበጠ፣ አገጬ ሥር የመገሉ እብጠቶች ተደረደሩ፣ የሸሚዝ ኮሌታ ሲነካኝ እዘላለሁ። ባለቤቱ መጥቶ አየኝ። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሞኝነቴ።

«ይሄማ በሽታ ይመስላል። እንግዳ ፊት አትቁም፤ እስኪሻልህ ሎንድሪ ሥራ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። አንሶላ እያጠብኩ ብቻዬን እሳደብ ነበር። ያን ሁሉ ያደረገው ለእንግዶቹ ዓይን ብሎ ነው፤ ጺሜን ወሰደ፣ ፊቴን አበላሸ፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ ያበላሸውን ፊት ተጸየፈው።

በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወርጄ አንዲት መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለመድኃኒቷ አንገቴን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና እንደ እናት «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለች አጽናናችኝ። ቅባት ሰጠችኝ፤ ከዚያ ጣቷን ቀስራ «ካላስ፣ ኖ ሼቪንግ» አለችኝ። በቃ፣ በደንብ እስኪድን ምላጭ አታስነካው ማለቷ ነው። ሳቄ መጣ። ሐዘኔ ያላስከበረልኝን ጺም ቁስሌ አስከበረልኝ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ሎንድሪው በር ላይ ሲያልፍ ፊቴ እንደገና ሲጠቁር እያየ ያልፋል።

አርባው ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአገር ልጆችና ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት በሆቴሉ ጓሮ ምግብ ተበላ፣ ጸሎት ተደረገ። እንደ ወጉ ሐዘንተኛውን ይብቃህ፣ ተላጭ የሚለው ታላቅ ሰው ነው። ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ባለቤቱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አባትህን እግዜር ከአብርሃም አጠገብ ያኑርልህ። ሐዘንህን አክብረህ ይዘሃል። አሁን ይበቃሃል፤ ተላጭና ነገ ሪሴፕሽን ተመለስ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዝም ልል አስቤ ነበር። «አክብረህ» የሚለውን ስሰማ ግን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ገና ሳምንቱ ላይ አስላጭተውኛል። አሁን የሚፈቅዱልኝ የትኛውን ጺም ነው?» አልኩት።

ነገሩን ያላወቁት ሽማግሌዎች ወደ እሱ ዞሩ። እሱ ሳህኑን ማየት ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ ዛሬ አይሆንም» አሉኝ። ተውኩ። ግን ተናግሬዋለሁ፣ አልጸጸትም።

በማግስቱ ጠዋት ሎንድሪው ውስጥ ውሃ አሙቄ ፎጣ ነከርኩ፤ ጸጉሩ እስኪለሰልስም ጠበቅኩ። ምላጩን ቀበቶዬ ላይ ስዬ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች። እንባዬን ለመጥረግ ቆም እያልኩ ነው የላጨሁት። ጠባሳው ባለበት በአገጬ ሥር ትንሽ ቀረ።

አንሶላ ተሸክሜ በመግቢያው ሳልፍ ባለቤቱ ሪሴፕሽኑ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቴን መረመረና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አገጩን በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ ትንሽ ትተሃል» አለኝ።

«አባቴ ነው ተወው ያለኝ» አልኩትና አንሶላዬን ይዤ ወደ ሎንድሪው አለፍኩ።