የጓደኛዬ አባት ስልክ አወራር

ትናንት ከአዘዞ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ጸጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ፀሐዩ ይገባል፣ ቅቤው ቀልጦ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ሌላው ተሳፋሪ በቅቤው ሽታ ሲነጫነጭ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰው የማያውቀው ኀፍረት አለኝ፤ እስኪ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ኮሌጅ ሳለን የማክሰኝት ገበሬ ልጅ ከሆነች ጓደኛዬ ጋር ጎንደር ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የተግባቦት ትምህርት ፈተና ደርሶብናል። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ በርጩማ አስቀምጬ ሹሩባ ስሠራት፣ እሷ ሃንዳውቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠይቀኛለች። የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል።

ግማሽ ራሷን እንደሠራሁ ስልኬ ጠራ። አጎቷ ነበሩ። ቅቤ በነካ እጄ ይዤው ወደ ጓሮ ዞርሁ።

«አባቷ ዐርፏል» አሉኝ። «ድንገት ነው፣ ማሳው ላይ ወድቆ። ነገ ማለዳ መጥተን እናረዳታለን። ብቻዋን እንዳትሰማ አደራሽን ልጄ፤ ፊትሽ እንዳይናገር።»

ተመልሼ ከኋላዋ ቆምሁ። ፊቴን ስለማታይ እግዜርን አመሰገንሁ። ጣቶቼን ግን የት ልደብቃቸው?

«ምነው እጅሽ ላላ?» አለችኝ።

«ቅቤው ነው።»

ቀጥላ ግብረ መልስ ምንድን ነው አለችኝ። ሌሊቱን ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ በኖ ጠፍቷል። ስትስቅብኝ ቆየችና «በአባቴ ላስረዳሽ» አለች። አባቷ ጎንደር ሩቅ ስለሚመስላቸው ስልክ ላይ ይጮኻሉ፤ ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው መልሰው ይዘጋሉ። ሃንዳውቱን ጠቅልላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና ድምጿን አጎርንና ጮኸች፦ «ሄሎ! ሸጋ ነሽ ወይ? እኛ ሸጋ ነን! ላሟ ወልዳለች! በይ ደኅና ዋይ!»

«አየሽ?» አለችኝ ትንፋሽ እያጠራት። «ላኪ አለ፣ መልእክት አለ፣ ግብረ መልስ የለም!»

ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ድገሚው አልኋት፤ ደገመችው።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ዘመዶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ገቡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት። ያን ሁሉ ሹሩባ በጥፍሯ በታተነችው፤ ጩኸቷን ዛሬም እሰማዋለሁ።

ከሠልስቱ በኋላ ለቅሶ ቤቱ ጭር ሲል ተጠግታኝ ተቀመጠች። ድምጿ ተዘግቷል።

«ያን ቀን ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«እና ሳቅሽልኝ?» እጄን ስባ ሳመችው። «እንዴት ቻልሽው? ባትስቂ እኮ ይገባኝ ነበር። አባቴን አንድ ከሰዓት አቆየሽልኝ።»

ያ ሳቅ የማስመሰል አልነበረም። ከልቤ ነው ያሳቀኝ። ድገሚው ያልኋትም ሰውየው መሞታቸውን ረስቼው ነው። አስከሬናቸው ገና ሳይገነዝ እኔ በድምፃቸው እንባዬን አፈሰስሁ። ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ፊቷን ሳየው ግን መልሼ ዘጋሁት።

አሁን እሷም ወልዳ ከብዳለች። በዓል ሲሆን ቤቷ እሄዳለሁ፤ በር ላይ ተቀብላ ልጆቿን ትጠራለች። «አባቴ የሞተ ቀን ለእኔ ብላ የሳቀችው እሷ ናት» ትላቸዋለች። ልጆቹም ተራ በተራ መጥተው ጉልበቴን ይስማሉ።