አበባ የለም ያልኩ ቀን

ነገሩ የሆነው ዓምና ከፋሲካ በኋላ ነው። አበባ ሻጭ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አፍራለሁ። ፊደል የለየሁት በሽምግልና ነውና አጻጻፌን እለፉኝ።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ነው። ልጄ የጭነት መኪና ይዞ ሞምባሳ ይመላለሳል። ቤት የምንውለው እኔ፣ ምራቴ ብርቄና የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጄ ነን። ብርቄ ከአገር ከመጣች ገና ነበር፤ ከስዋሂሊ የምታውቀው «ሳዋ» የምትለዋን ብቻ ነው፣ እሺ እንደማለት።

ያን ሰሞን እህል አልበላ አላት። ከሳች። ምን ሆንሽ ስላት ምንም ትላለች። ኋላ ግን መሬት መሬት እያየች የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወሩ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ደስ አለኝ። ለልጅቷ ወንድም ውለጂላት እያልኩ ስነዘንዛት ነበርና ይሄው መጣ አልኩ። እሷ ጭራሽ አለቀሰች።

ክሊኒክ ወሰድኳት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበትን አገር ቋንቋ ማን ያስተምረኛል ብዬ። ነርሷ ምን ሆና ነው ስትል የወር አበባ በስዋሂሊ ጠፋኝ። እንዳለ ገለበጥኩት። «ማኡዋ ሃኩና» አልኳት፣ አበባ የለም። አበባማ መሃል ከተማ ይሸጣል አለችኝ። ተናደድኩና የሷን አበባ ነው የምልሽ ብዬ ጮህኩ።

በሩ ክፍት ነበርና ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ሳቋን እንደያዘች ገባች። የሞያሌ ሰው ናት፣ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ። ሁለቱንም ቋንቋ ታንበለብለዋለች። ለነርሷ አስረዳችልኝ። ነርሷም ብርቄን «ሲንዳኖ?» አለቻት፣ መርፌ ማለቷ ነው። ብርቄ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

የምን መርፌ? አልኩ። ሴትዮዋ ይሄ የኛ ጉዳይ ነው፣ ውጭ ይቀመጡ አለችኝ። አልወጣም ልል ስል ብርቄ ቀደመችኝ።

«አባባ እዚሁ ይቀመጡ። ይስሙት፤ መደበቅ ሰልችቶኛል።»

ለካ ከልጄ ጋር ተማክራ የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ተወግታለች። ሲወጓት ሁሉን ነግረዋታል፣ እሷ ሳይገባት «ሳዋ፣ ሳዋ» ብላ ወጥታለች። ደሙ ሲቀር አንዲት ጎረቤት ሆድሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው፣ ማህፀንሽም ይደርቃል አለቻት። ለኔ እንዳትነግረኝ፣ ልጅ ውለጂ ባዩ እኔው ነኝ።

ነርሷ ሽንቷን አስመርምራ እርግዝና የለም አለች። ከዚያ ሁሉን አንድ በአንድ ነገረቻት፣ ሴትዮዋም አስተረጎመች። መርፌው የብዙ ሴት ደም ያስቀራል፣ የሌላዋ ደግሞ ያለጊዜው ጠብ ጠብ ይላል፤ ራስ የሚያማት፣ ክብደት የምትጨምርም አለች። የሚጠራቀም ደም የለም። መካንም አያደርግም፤ ሲተዉት ግን እርግዝና ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ እስከ ዓመት የሚቆይባትም አለች። ካልተስማማት ሌላ መከላከያ አለ።

የብርቄ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «እወልዳለሁ?»

«ስትፈልጊ» አለቻት ሴትዮዋ። ቀና ብላ እኔን እያየች ደገመችው። «አንቺ ስትፈልጊ።»

ስንመለስ ማታቱ የሚሉት ታክሲ መሳፈሪያው ጋ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁላት። እስከ ቆረቆንዳው ጋጠችው።

የዚያችን ሴት ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ባለችበት እግዜር ውለታዋን ይክፈልልኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድም የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም። የወር አበባ በስዋሂሊ «ሄዚ» እንደሚባልም በእጄ ጽፌ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ከአገር አዲስ ለሚመጡት።

ብርቄ አሁን ቋንቋውን ለምዳለች። የመርፌዋ ቀን ሲደርስ ብቻዋን ትሄዳለች፣ እኔ ልጅቷን እይዛለሁ። ከበር ላይ ዞር ትልና «አባባ፣ ስመለስ አበባ ላምጣልዎ?» ትለኛለች።

«ሳዋ» እላታለሁ።