የመስታወት ነፊው እጅ

መስታወት ነፊው ዕድሜውን ሙሉ ከእሳት ጋር ሲያወጋ የኖረ ሰው ነው። በቤተ ሙከራው ምድር ቤት ተቀምጦ፣ እንደ ማር የለሰለሰውን መስታወት እፍ እያለ ጠርሙስ ያወጣል። ጠርሙሱ በፊኛ ተንጠልጥሎ ደመና ከማይደርስበት ይወጣል፤ እዚያ ኦዞኑን በብርድ አጥምዶ ይመለሳል። ኦዞን ሦስት ኦክስጅን ተቃቅፈው የሚሠሩት ነው፤ አንዳንዴ ከሦስቱ አንዱ ከወንድሞቹ ከበድ ይላል። የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ስንት ዓመት የደከመችው የዚያን ከባዱን ድርሻ ለመለካት ነው።

የዚህ ሥራ ነውሩ ቅባት ነው። ቅባት የነካው ኦዞን ይፈርሳል፤ ተራ ኦክስጅን ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ የጠርሙሱና አየር የሚያስገባለት የመስታወት ቧንቧ መጋጠሚያ በእሳት ይበየዳል እንጂ ግሪስ አይቀባም። ሰውየው ከጥንቃቄው ብዛት ፀጉሩን እንኳ አይቀባም፤ ዘበኛው፣ «ጋሼ፣ ፀጉርዎ ከመድረቁ ክብሪት ቢጭሩበት ይለኮሳል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ዘንድሮ ግን እጁ ከዳው። ሻይ ሲቀዳ ሲንቀጠቀጥ ሚስቱ አየች። ለቤተ ሙከራው ሰዎች ንገራቸው ብላ ለመነችው፤ እሱ ነገ ዛሬ አለ። እሷም ልብስ እየጣፈች ታንጎራጉራለች፦

እጅ ሲከዳ ነው፣ ሰው የሚታወቀው፣
ልብማ ሲከዳ፣ ማን አይቶ ሊያውቀው።

ፊኛው የሚነሣው ለመጨረሻ ጊዜ ነው ተባለ። መጋጠሚያውን ሊበይድ ነበልባሉን ቢያስጠጋው ጣቱ ዘለለ፤ ቧንቧው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሌላም ሞከረ፤ ያም ተሰነጠቀ። የቀረው አንድ ቧንቧ ብቻ ነበር። በሩን ዘጋ፤ ቧንቧውን በጠርሙሱ አንገት አስገብቶ፣ ዙሪያውን ለዓይን የማትሞላ ግሪስ ቀባ። ይህቺ ምን ታመጣለች ብሎ ልቡን አባበለ።

ፊኛው ሄዶ ተመለሰ። ተመራማሪዋ ጠርሙሱን አስመረመረች፤ ውስጡ ተራ ኦክስጅን እንጂ የኦዞን ሽታም አልነበረም። ጠርሙሱን ታቅፋ ምድር ቤት ወረደች። መጋጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ጣቷ አብለጨለጨ።

«አባባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ» አለችው።

ዘረጋላት። ነፋስ እንደገባበት ሻማ ይርገበገባል።

«ምነው ቢነግሩኝ? ሌላ ሰው ይበይደው ነበር እኮ።»

«ሌላ ሰው እንዲበይደው አልፈለግሁማ፣ ልጄ።»

ቁጣ ቢሆን በቀለለው። እሷ ግን ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ የታመመ ሰው ጠይቃ እንደምትወጣ ቀስ ብላ ወጣች። ኮቴዋ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ አዳመጠ፤ ከዚያ የመበየጃውን ጋዝ ዘጋ።