አማቴ ያሰሩት ክንድ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ በዱርቤቴ ስማቸው የታወቀ ወጌሻ ናቸው። በገበያ ቀን እጁ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሁሉ በራቸው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ልጄ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ልታሳልፍ ሄዳ ከዘይቱን ዛፍ ወደቀች። እሳቸውም ስልክ ደውለው፣ ወለም ብሏት ነው፣ አሽቼ አስሬላታለሁ አሉኝ።

በማግስቱ ስደርስ ልጄ አታለቅስም። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ክንዷ ከብብቷ ሥር እስከ እጇ አንጓ በቀርከሃ ስንጥር ተደግፎ በጨርቅ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ጣቶቿ አብጠው ጠቁረዋል፤ ስነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው። ይፈቱላት ብዬ ለመንኋቸው። ቀኑ ሳይደርስ ከተፈታ አጥንቱ ዳግመኛ አይገጥምም፣ ደንቡ ነው አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ዓይናቸው እያየ ማሰሪያውን ቆረጥሁት። ጨርቁ የነበረበት ቦታ ሥጋዋ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል።

ባሕር ዳር ይዣት በረርሁ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ራጁን እያሳየ ሳይሸፋፍን ነገረኝ። ከክርን በላይ እንዲህ መሰበር ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ አጥንቱን አስተካክሎ በቀጭን ሽቦ ይይዘዋል። የሚያሰጋው እጇ ነው፤ ማሰሪያው ደም ከልክሎት ቆይቷል። ስለዚህ ሽቦውን ካስገቡ በኋላ ክንዷን በቁመቱ ሰንጥቀው ያበጠውን ሥጋ አስተነፈሱት። ቁስሉ ክፍት እንደሆነ አየሁት። አማቴን ጠላኋቸው።

ሽቦው ወጣ። ክርኗ እንደ ድሮው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጣቶቿ ግን ወደ መዳፏ ተቆልምመው ቀሩ። የሞተ ጡንቻ አይመለስም አለኝ ሐኪሙ።

አማቴ ሊጠይቋት ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት ወዳለው ቤታችን መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው ክርኗን ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው።

"አጥንቱስ ደኅና ገጥሟል" አሉ።

ከቤቴ ላስወጣቸው ብድግ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሌባ ጣታቸውን በተቆለመመው መዳፏ ውስጥ አስገቡ።

"እስቲ ጭመቂኝ፣ ልጄ። ባለሽ ጉልበት ሁሉ።"

ልጄ ከንፈሯን ነክሳ፣ ግንባሯን እስኪያልባት ታገለች። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያም ወደ እሷ ዞረው፣ በርቺ እንጂ፣ አትፍሪ አሏት።

"እየጨመቅሁዎት ነው እኮ፣ አባባ።"