በቀለበቱ ያላለፉት አረሮች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ይሆናል።

ቦንጋ ውስጥ የቶርኖ ቤት አለኝ። ከዓመታት በፊት ጋሽ አደሎ የሚባሉ የማንኪራ መንደር አዳኝ ከአባታቸው የወረሱትን ጠመንጃ ይዘው ወደኔ ይመጡ ነበር። ጠመንጃው ጎሽ ለመጣል የተሠራ ነው፤ አፈሙዙ አውራ ጣት ያስገባል። ጥይቱ ገበያ ላይ ስለማይገኝ እኔ እርሳስ አቅልጬ አረሩን አፈስስላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ቤታቸው ቀለሃው ውስጥ ባሩድ ሞልተው ይገጥሙታል። ከቅርጹ የወጣ አረር ግን ትንሽ ወፈር ይላል። ስለዚህ እኔው በቀረጽኩት የብረት ቀለበት ውስጥ አንድ በአንድ እየተጫነ ማለፍ አለበት፤ ያኔ ሁሉም እኩል ይሆናል። ያላለፈውን ጠመንጃው አይጎርሰውም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን አሥራ ሁለት አረር አፈሰስኩ። አምስቱን አሳለፍኩ። ክንዴ ዛለ፤ በር ላይ ደግሞ የመኪናውን ዕቃ ሊያሠራ የመጣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቶሎ በል እያለ ይነዘንዘኛል። የቀሩትን ሰባት በመዳፌ ላይ አገላብጬ አየኋቸው። ከአምስቱ የሚለያቸው ነገር አልታየኝም። ሰም ቀባኋቸውና ቀላቀልኳቸው።

ጋሽ አደሎ ሊወስዱ ሲመጡ፣ «ሁሉም አልፈዋል?» አሉኝ።

«አልፈዋል ጋሼ» አልኩ።

በፊት በፊት እያንዳንዱን ጥይት ጠመንጃው ውስጥ ከተው ሳይሞክሩ ከቤት አይወጡም ነበር። የኔን እጅ ካመኑ ወዲህ ግን ትተውታል። ይህንንም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው አልፈዋል ያልኩት።

በዚያው ሳምንት ከጫካ የወጣ ጎሽ አንድ ገበሬ ወግቶ ገደለ። ጋሽ አደሎ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ጠዋት ሲወጡ አራት ሆነን ተከተልናቸው። እኔ የሄድኩት የእጄን ሥራ ለማየት ነበር።

ጎሹን የበቆሎው ማሳ ከጫካው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቆሞ አገኘነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቀንዶቹ ግንባሩ ላይ እንደ ድንጋይ ተገጣጥመዋል፤ ጀርባው ላይ ወፎች ሰፍረዋል፤ ሲተነፍስ የበቆሎው ቅጠል ይንቀሳቀሳል። ጋሽ አደሎ ተኮሱ። ጎሹ ተንበረከከ፤ መልሶ ተነሣ። ሁለተኛውን ጥይት ከተቱ፤ ግማሹ ላይ ቀረ። በመዳፋቸው መቱት፤ አልገባም። ወደኛ ዘወር ብለው በረጋ ድምፅ፣ «ዛፍ ላይ ውጡ» አሉ።

ወጣን። እርሳቸው ግን አልሸሹም። ቢሸሹ ኖሮ ጎሹ የሚደርሰው እኛ ላይ እንደነበር የገባኝ ቅርንጫፍ ላይ ሆኜ ነው። መንገዱን ዘግተው ጠበቁት። ዐይኔን ከእርሳቸው ላይ መንቀል አልቻልኩም። ሰው እንዲያ ቀጥ ብሎ ሞቱን ሲጠብቅ አየሁ። ጎሹ በግንባሩ መትቶ ጣላቸው፤ ከዚያም በላያቸው ቆመ። አፍንጫውን ወደ ፊታቸው አውርዶ አሸተታቸው። ደሙ ደረታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ለምን እንዳልጨረሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ራሱን አነሣና በዝግታ፣ ማንንም እንደማይፈራ ባለርስት፣ እየተራመደ ሄደ። ወንዙ ጋ ሳይደርስ ወደቀ።

ሌሎቹ ጋሽ አደሎን በቃሬዛ ሲሸከሙ ጠመንጃውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለምን ያዝኩት? ቤቴ ወስጄ የተቀረቀረውን ጥይት አወጣሁና አረሩን ለካሁት። በአንድ ጸጉር ወፍሯል። በአንድ ጸጉር። ከዚያስ ምን አደረግኩ? ነቅዬ ከሌላ እርሳስ ጋር አቀለጥኩት።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። «ጥይቴን ሳልሞክር መውጣት አልነበረብኝም። አንተን ማንም እንዳይወቅስህ ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ያመጣሁትን ብርቱካን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። አንዴ ከጎሹ፣ አንዴ ከሰው አፍ፣ ሁለት ጊዜ አዳኑኝ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በክራንች ኖሩ። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ መስቀል ቀረባቸው። ቦንጋ ገበያ ሲመጡ እኔ ዘንድ ያርፉ ነበር። ስንት ጊዜ ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ስንት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ባለፈው ጾም አረፉ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ደክሞኝ ነበር አልልም። ሹፌሩ አጣደፈኝ አልልም። የዋሸሁት ነቅቼ፣ ዐይናቸውን እያየሁ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አሁንም ማንኪራ ይኖራሉ፤ ባላቸው በገዛ ጥፋታቸው እንደተሰበሩ ነው የሚያውቁት። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ያደረግኩትን እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ።